«ይቁም» የተባለው ገበያ

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ዐርብ ማለዳ ነበር፤ ያስነሳኝም አንድ ቃል ነው። የሟች እኅቴ ልጅ የሺ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ጅዳ ሠርታ ያመጣችውን ገንዘብ ሁሉ በገበያው ጥግ በሠራችው የቆርቆሮ ሱቅ ላይ አውላዋለች። የከተማዋ ምክር ቤት ነዋሪውን በስልክ ማማከር ጀምሯል፤ በቴሌግራም ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዉም «አዎ» ወይም «አይ» የሚለውን ተጭኖ ይመልሳል። በቅርቡ የወጣው ጥያቄ «የቅዳሜው ገበያ በአሁኑ ቦታ ይቁም?» የሚል ነበር። አብዛኛው «አዎ» አለ። ምክር ቤቱም ሕዝቡ ገበያው ከዚያ እንዲነሳ ፈቅዷል ብሎ፣ ቦታውን ለመናኸሪያ ሊሰጥና ገበያውን ወንዝ ማዶ ሊያዛውር ተዘጋጀ።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ አዎ ብያለሁ!» አለችኝ የሺ ደውላ። «ይቁም ማለት ይዋል ማለት መስሎኝ! በገዛ ጣቴ ሱቄን አፈረስኩት።»

ዕድሜዬን የሕግ ረቂቆችን ቃል በማረም ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በልጅነቴ በዚያ አገር ገበያው «ቆመ» ሲባል ሰው ተሰበሰበ፣ ግብይት ተጀመረ ማለት እንደነበር ትዝ ይለኛል። የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ አለ፤ ቃሉ ግን የእርሷ ይሁን እኔ በኋላ የጨመርኩላት፣ ለይቼ መማል አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ለመናገር ምስክር ያስፈልገኝ ነበር።

በወረታ በኩል

ሐሙሲትን አልፈን ወደ ፎገራ ሜዳ ስንገባ ሩዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ወረታ ላይ ሻይና ዳቦ ቀምሼ ሚኒባስ ቀየርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት በእኔ ዕድሜ ያሉ ገበሬ ጆንያቸውን በጉልበታቸው መሀል አጥብቀው ይዘዋል። መልሱን በአፋቸው እንዳላስቀምጥ ተጠንቅቄ፣

«የእናንተ ገበያ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ነው እንጂ! ረፋድ ላይ ይቆማል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይበተናል። ምን ሊሸጡ ነው አንቱ?»

«ምንም።»

«ሊገዙ?»

«እሱም አይደለም።»

«እንዲያው ሊያዩ!» ብለው ሳቁ። «ጡረታ ደግ ነው።»

አንድ ምስክር አገኘሁ። እኒህም እንደ እኔ ሽማግሌ መሆናቸው ግን ቅር አሰኘኝ። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ብርዱ በመስኮቱ ገባ።

ደብረ ታቦር

ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ጋፋት ወጣሁ። በልጅነታችን ከእኅቴ ጋር ያረፍንበት ትልቅ ወይራ ከመንገዱ በላይ ነበር፤ እኔ እንደማስታውሰው። አሁን ያለው የገብስ ማሳ ነው። ነዶ የምትሰበስብ ሴት አገኘሁና ስለ ወይራው ጠየቅኋት።

«ኧረ እኔስ ከተዳርኩ ወዲህ አላየሁም አባቴ» አለች፤ «ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናል።»

ምናልባት። አብረውኝ በዚያ ያለፉት ሁሉ ሞተዋል፤ ብሳሳት የሚያርመኝ፣ ባልሳሳትም የሚመሰክርልኝ የለም። ማታ በሆቴሉ ለሁለት የሚበቃ ሽሮ ቀረበልኝ። አስተናጋጁ ሁለተኛው ሰው መቼ እንደሚመጣ ጠየቀኝ።

ምክር ቤቱ

ቅዳሜ ጠዋት ጉና ደመና ለብሶ ነበር። የሺ ከመኪናው መውረጃ ተቀብላ ወደ አዳራሹ ወሰደችኝ። አፈ ጉባኤዋ ፈቀዱልኝና ስለ ቃሉ ተናገርኩ። ጥያቄውን የጻፈው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ በትሕትና ተነሣ።

«አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ የጥንት አማርኛ ነው። ዛሬ ይቁም ማለት ይቅር ማለት ነው።»

እውነቱን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«እኔ የጥንት ነኝ እንዴ?» አለች የሺ ከኋላዬ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

አፈ ጉባኤዋ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «በሉ እንቋጨው። ገበያው ከቆመ ቆይቷል፤ በርበሬው ሳያልቅብኝ ልድረስ።»

አንድ አባል «ወይ ጉድ፣ እርስዎም የጥንት ነዎት?» ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ፤ ባለሙያው ራሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

የሺ እጅጌዬን ሳበች። «ጋሼ፣ አሁን ነው! አዎ ያለው ሁሉ ገበያው ይኑር ያለ ነው ይበሉልኝ።»

እንደዚያ ማለት ግን አልቻልኩም። ማን በየትኛው ልብ እንደመለሰ አናውቅም፣ የመጀመሪያው መልስ ለማንም ወገን ሊቆጠር አይገባም፣ በግልጽ ቃል እንደገና ይጠየቅ አልኩ። ምክር ቤቱ ተስማማ። አዲሱ ጥያቄ «ባለበት ይቀጥል» ወይስ «ወንዝ ማዶ ይዛወር» የሚል ሆነ።

የሺ ሻንጣዬን ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። «ለእኔ የመጡ መስሎኝ ነበር» አለች።

ቤት

ባሕር ዳር ስገባ ቤቴ እንደተውኩት ዝም ብሏል። አዲሱ ጥያቄ በወጣ ቀን በስልኬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሁለት ትርጉም አላገኘሁበትም። የከተማዋ ነዋሪ ስላልሆንኩ ሳልጫን ዘጋሁት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ሰውን በትክክል መጠየቅ የምንወደውን መልስ ይሰጠናል ማለት አይደለም፤ ያም ሆኖ በትክክል መጠየቅ አለበት። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ብናገርም ከመኪናው ደጅ የሰማሁት የየሺ ቃል አልለቀቀኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሺ ደወለች።

«ተሸነፍን ጋሼ። ብዙው ሰው ይዛወር አለ። ለካ መናኸሪያውን ፈልገውታል።»

«አዝናለሁ ልጄ።»

«ተናድጄብዎት ነበር። አሁንም ትንሽ አለ። ግን የተጠየቅነውን አውቀን ነው የመለስነው፤ ምን እላለሁ? ማዶ ቦታ መርጫለሁ፤ ቆርቆሮውን ነቅለን እናሻግራለን። አንቱ ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ይምጡ። ምስማር ባይነቅሉም ሠራተኞቹን የሚቆጣልኝ ሽማግሌ እፈልጋለሁ።»

መቼ እንደሚነቅሉ ጠየቅኋት። ቀኑን ነገረችኝ፤ ራሴን አላመንኩትም፤ እንዳልሳሳት እንደገና እንድትነግረኝ ለመንኳት።