ከእኛ ጋር በር ላይ የቆሙት አቶ ዲተር

የአቶ ዲተር ማረፍ ትናንት ከጀርመን በስልክ ተነገረን። እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር የምታውቋቸው ሁሉ እርማችሁን አውጡ።

በሀገራቸው የአንድ ክልል ምክር ቤት አባልና የፓርቲያቸው ሊቀ መንበር ነበሩ። ከሥልጣን እንዴት እንደወረዱ አይደብቁም። «ተቃዋሚዎቼ ከአዳራሹ እስኪወጡ ጠብቄ ድምፅ አሰጠሁ። አሸነፍኩ፤ ፓርቲዬ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ እኔም ወረድኩ» ይሉ ነበር። ካርቱም የመጡት ከሱዳኑ አብዮት በኋላ ለሰፈር ኮሚቴዎች የስብሰባ ሥርዓት ሊያስተምሩ ነው። የተከራዩትም ከልብስ ስፌት ሱቄ በላይ ያለውን ክፍል ነበር። የሸሚዛቸው ቁልፍ በተበጠሰ ቁጥር ይወርዳሉ፤ ቁልፉ ወዲያው ይተከላል፣ የምርጫ ወሬያቸው ግን አያልቅም።

ዳቦ የጠፋበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ኮሚቴው የሰፈሩ ዳቦ ለሱዳናውያን ብቻ እንዲሸጥ ሊወስን ተሰበሰበ። እኛ ሐበሾች በሩ ላይ ተኮልኩለናል፤ ዱላ የያዘ ወጣት «ያላ፣ ሂዱ!» ይለናል። ልጆቼን ጦማቸውን ትቼ ስለመጣሁ ከበሩ አልሄድኩም። በመስኮቱ ሳይ ሰብሳቢው ሙስዓብ ለድምፅ እጅ እንዲያወጡ ሊጠይቅ ነው።

ውስጥ ከኮሚቴው ጋር የተቀመጡት አቶ ዲተር ተነሡ። ዐረብኛቸው ደህና ነበር።

«የምትወስኑባቸው ሰዎች ውጭ ናቸው። አስገቧቸው» አሉ።

«ኡስታዝ፣ ይህ እርስዎን አይመለከትም። እርስዎ እንግዳችን ነዎት» አለ ሙስዓብ።

«እኔም የውጭ ሀገር ሰው ነኝ። እነሱን ካስቀራችሁ እኔንም አስቀሩኝ።»

ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ፈርተው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያሽከረክሩ ነበር። ከውስጥ አንዱ «ሀገርህ ግባ!» ብሎ ጮኸባቸው፤ ባለዱላው ዱላውን ከፍ አደረገ። አለቀልን ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ሙስዓብ ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ። በመጨረሻ «ይግቡ» አለ።

ገብቼ ስለ ልጆቼ ተናገርኩ። ድምፅ ሲሰጥ በጥቂት እጅ ተሸነፍን። እጅግ ተናደድኩ። እሳቸው ግን «ዐይን ለዐይን ተያይታችኋል፤ አሁን መልሶ መነጋገር ይቻላል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቤቱ የኮሚቴው እንግዳ ናቸው ብሎ እሳቸውን ሲጠራ «ጎረቤቶቼ ሲገዙ እገዛለሁ» እያሉ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ያ ነገር ሙስዓብን ዕረፍት ነሣው። ስብሰባውን ራሱ እንደገና ጠራ፤ ውሳኔውም ተሻረ።

አቶ ዲተር፣ ከእኛ ጋር እንዲቆሙ ያስገደደዎ አልነበረም። ፈርተውም ቆሙ፤ እኔ አይቻለሁ። ልጆቼ ዛሬ ጠዋት ዳቦ በልተው ትምህርት ቤት ሄዱ። ማረፍዎን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ አቃተኝ። ማታ እነግራቸዋለሁ። ደህና ይሁኑ፣ ጌታዬ።