ከወረቀቱ ላይ የወጣችው መሥመር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አራት ነጥብ» ነበር የሚላት። እሷ አንብባ ካልጨረሰች ምንም ነገር ወደ ማሽን አይሄድምና። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርማት አንብባለች፦ የሰርግ ጥሪ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የሳሙና ካርቶን፣ መድኃኒት ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ቀጭን ወረቀት ሳይቀር። ያን ወረቀት ብዙ ሰው ሳይገልጠው ይጥለዋል። እሷ ግን ማስመሪያ እያስደገፈች ፊደል በፊደል ትለቅመው ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው። ሠላሳ ዓመት መሰላል ላይ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ቀን እግሩ ስቶት አያውቅም። ጉልበቱን ቢያመው ሐኪም እንክብል አዘዘለት፤ ወር ሳይሞላው ከመሰላሉ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

«ጋሼ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አለችው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

«እኔ እንጃ፣ እታለም። ግድግዳው ዞረብኝ። ጆሮዬ ውስጥማ ይኸው ሳምንቱ፣ ፊሽካ የሚነፋ ሰው የገባ ይመስለኛል።»

ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ የእንክብሉን ካርቶን አነሳች። ልማድ ነውና ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችው። ደገመችው። ስለ ጆሮም ስለ ማዞርም አንድ ቃል የለበትም።

«እዚህ ጋ መሥመር ነበረ» አለች።

«የምን መሥመር?»

«የጆሮ ጩኸት ወይም ማዞር ከተሰማዎ መድኃኒቱን አቁመው ሐኪምዎን ያማክሩ፣ የሚል። እኔው ነኝ ያረምኩት።»

የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪሙ ወሰደችውና እንክብሉ ቆመ። ማዞሩ በሁለት ሳምንት ለቀቀው፤ የግራ ጆሮው ግን እንደተደፈነ ቀረ።

ሐኪሙ ዘንድ በሄዱ ማግስት የወረቀቱን ፋይል ልትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ማተሚያ ቤቱ የእያንዳንዱን ሥራ የእርማት ቅጂ አሥር ዓመት ያስቀምጣል። ወረቀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም እሷ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበረች፣ የዚያን ጊዜውን ቅጂ አላየችውም።

«መድኃኒት ፋብሪካው ትልቁ ደንበኛችን ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ። «እባክሽ ነገር አትቆስቁሺ።»

«እኔ ምኑን ቆሰቆስኩት? እሳቱ ያለው ወንድሜ ጆሮ ውስጥ ነው።»

«ያለ ደንበኛው ፈቃድ ፋይል አላወጣም።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ያስወጣዋላ።»

ጫማ መሸጫ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት አንዲት ጠበቃ፣ በዚያው እንክብል የተጎዱ የስድስት ሰዎች ክስ ይዛ ማስረጃ አጥሯት ነበር። አራት ነጥብ እሷ ዘንድ ስትሄድ፣ መድኃኒት ፋብሪካው «ጉዳቱን አናውቅም ነበር» ብሎ ድርቅ ማለቱን ነገረቻት።

አራት ነጥብ ሳቀች። «የማያውቁትን ነገር ታዲያ መጀመሪያ ማን ጻፈላቸው?»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስኪ ይህንኑ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ወንድሟ ሰባተኛ ከሳሽ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ፋይሉ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ሥራ አስኪያጁም ራሱ ተሸክሞ አመጣው።

የምስክርነቷ ቀን የፋብሪካው ጠበቃ ፈገግ ብሎ ጀመረ። «እርስዎ የሕክምና ትምህርት አለዎት?»

«የለኝም።»

«በዓመት ስንት ሺህ ገጽ ያነባሉ?»

«ቆጥሬው አላውቅም። ብዙ ነው።»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዲት መሥመር እንዴት ትዝ አለችዎ?»

«ፊደል ለቃሚው ‹ማዞር› የሚለውን ‹ማዞሪያ› ብሎት ነበር። ‹ማዞሪያ ከተሰማዎ ሐኪምዎን ያማክሩ› የሚል ወረቀት አንብበው እርስዎ ይረሱታል?»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛዋም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፋይሉ እንዲከፈት አዘዘች። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የአራት ነጥብ እርማት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ላይ መሥመሯ በቀይ ተሰርዛ፣ ዳር ላይ «ይውጣ» ተብሎ የፋብሪካው ተወካይ ፈርሞበታል።

ጠበቃው ቅጂውን አገላበጠ። «የወጣው ቦታ ስለጠበበ ነው። ወረቀቱ ትንሽ ነው።»

አራት ነጥብ ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች። «ክብርት ዳኛ፣ ይፈቀድልኝ» ብላ ሁለተኛውን ቅጂ ግርጌው ላይ ለካችው። «ሦስት መሥመር የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ። ሞልቶ ተርፎ እያለ የጠበበው ቦታው አይደለም።»

ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ፍርዱ እስኪሰጥ ሌላ ስምንት ወር ፈጀ። እንክብሉ ግን ያን ያህል አልቆየም፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው የምስክርነቱን ቃል እንዳየ ከየፋርማሲው እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሰፈሯ ያለው ፋርማሲስት ካርቶን እያሸገ፣ «ቤትሽ የተረፈ ካለ አምጪው» አላት።

«ግማሽ እሽግ ነበረን» አለችው። «አሁን ፍርድ ቤት ነው ያለው።»

ሰባቱም ከሳሾች ረቱ፤ ፋብሪካው ካሳም የሕክምና ወጪም እንዲከፍል ተፈረደበት። ማተሚያ ቤቱ ትልቁን ደንበኛ አጣ፤ ሥራ አስኪያጁም ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። በሦስተኛው ወር ግን የሌላ ፋብሪካ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «አንቺ ካላየሽው አንፈልግም ብለዋል» አላት፣ ቅር እንዳለው።

ወንድሟ መሰላል ትቷል። አሁን በርና መስኮት አስተኝቶ ነው የሚቀባው፤ ሥራው እጅ በእጅ ይወሰድለታል። አንድ ከሰዓት ልትጠይቀው ሄዳ በደንቆሮው ጆሮው በኩል ቆማ ስታወራለት ቆየች። መልስ ስታጣ ትከሻውን ነካችው።

«በቀኝ ነይ እንጂ» አላት ቡርሹን ሳያስቀምጥ። «የግራው ጆሮዬ ከመሰላሉ ጋር ጡረታ ወጥቷል።»