ከሰይፉ ማኅበር እስከ እናቴ መስኮት

የነሐስ መወልወያ በሸተተኝ ቁጥር ጣዕሙ ምላሴ ላይ ይመጣል። ሽታ እንዴት ምላስ ላይ ይመጣል ትለኝ ይሆናል፤ ግን ይመጣል። ይመርራል፣ ትንሽም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ባለፈው ቅዳሜ የማኅበራችንን ሰይፍ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ እጀታውን ስወለውል፣ አዲስ ገቢው ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። "ለምንድነው ግን እጀታውን የምንሳለመው?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሌላው ወንድማችን፣ ያ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ፣ ቀደመኝ። "ከመስቀል ጦርነት ዘመን የመጣ ነው። ፈረሰኞቹ ከመዝመታቸው በፊት ይሳለሙት ነበር" ብሎ አስረዳው። ልጁም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሳቄን ዋጥ አድርጌ መወልወሌን ቀጠልኩ። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር በዚያ ክፍል አልቀረም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ለንደን፣ ቶተንሃም፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠን ፍላት ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ ካቶሊክ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ቢሆንም እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኝና ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። "የአባትህ አደራ ነው፤ እኔ የመጣሁት አንተን ለማድረስ ነው" ትለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ "ልጇን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስገባት ፎርሙ ላይ የቄስ ፊርማ ፈልጋ ነው" እያሉ ያሟት ነበር። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም።

በዚያ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ በበዓል ቀን ጥቁር ሰማያዊ ካባ ለብሰው፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ በመቅደሱ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ዘጠኝ ወንዶች ነበሩ። ካህናት አይደሉም። እንደ ጥንቶቹ ፈረሰኞች ደካማ እንጠብቃለን፣ ቃላችንን እናከብራለን ብለው የተሰባሰቡ ተራ ሰዎች ናቸው። ፈረስ እንኳ የላቸውም፤ ያላቸው የአውቶቡስ ካርድ ነው። አንዱ ለሰፈራችን ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ ነበር። አለቃቸው ከአየርላንድ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ አንድ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሲራመዱ ወደ ጎን ያዘነብላሉ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ብያቸው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተውኩም።

ከቅዳሴ በኋላ እነዚህ ሰዎች ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። መጀመሪያ ብረት ከብረት ሲፋተግ ይሰማል። ቀጥሎ ጸጥታ ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ የሳቅ ድምፅ ይመጣል። ያ በር እንቅልፍ ነሳኝ። ምንድነው የሚያደርጉት? በደም ነው የሚፈርሙት? የተደበቀ ነገር አለ? በዚያ በር ፊት የጫማዬን ክር ስንቴ እንደፈታሁና መልሼ እንዳሰርኩ እግዜር ይወቀው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ በላይ የሳበኝ፣ ሲገቡም ሲወጡም እርስ በርሳቸው "ወንድም" መባባላቸው ነው። እኔ ወንድምም አባትም አልነበረኝም።

አንድ እሑድ አጎንብሼ የጫማዬን ክር ስፈታ በሩ ድንገት ተከፈተ። አለቃው ካባቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ቁልቁል አዩኝ።

"ወይ ለጫማህ አዲስ ክር እንግዛለት፣ ወይ ለአንተ ወንበር እናምጣ" አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የሥራ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር።

"ማሚ፣ እነዚያን ካባ የሚለብሱትን ሰዎች ጆይን ላደርግ ነው።"

"ምን ልታደርግ?"

"ልገባ። ብራዘርሁድ ነው። ላይክ... ማኅበር።"

"ማኅበር ከሆነ በሩ ለምን ይዘጋል? ማኅበርተኛ ጽዋውን በር ዘግቶ አይጠጣም። ደግሞስ ያ ጎራዴ ምንድነው?"

"ለሴረመኒ ነው ማሚ። አይቆርጥም እኮ።"

"መሐላስ አለው?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ካውያውን አቁማ ሶኬቱን ነቀለች። ስለ ወንድሟ ከዚያ በፊት አውርታልኝ አታውቅም፤ የማውቀው ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለውን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር።

"ወንድሜ በአንተ ዕድሜ ነበር" አለችኝ። "በዚያ በክፉ ዘመን፣ ጥናት አለብኝ ብሎ ወጣ። እንደ አንተ ነገር የሚያጓጓው ልጅ ነበር። በር ዘግተው ተማማሉ። በዚያው ቀረ። እንኳን እሱን፣ ሬሳውን የሚያደርስልን ሰው አላገኘንም። እናቴ መንገድ መንገድ እያየች ሞተች። አልገባም በለኝ።"

አልገባም ማለት አልቻልኩም። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። የእናቴ ኩርፊያ ምግብ አይከለክልም፤ ራቴ በሳህን ተከድኖ ይጠብቀኛል፣ "ና ብላ" የሚል ግን የለም። ቀጠሮው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት። ከደበቅኋት እንደ ወንድሟ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናቡ እንደ ለንደን ዝናብ ሳይወርድም ሳያባራም ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ ያ በር ተከፈተልኝና ገባሁ። ውስጥ ያገኘሁት ምን መሰለህ? የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የሚያስል የሚመስል አሮጌ ማሞቂያ፣ ዐሥር ወንበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የተወያዩት አንዲት አሮጊት አምፖል ተቃጥሎባቸው ማን ሄዶ እንደሚቀይርላቸው፣ ዘመድ የሌለው አንድ ሰው ሞቶ ሬሳ ሣጥኑን እነማን እንደሚሸከሙለት ነበር። ይኼ ነው እንዴ ጉዱ አልኩ በሆዴ። ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው ካባቸውን ደረቡ። በሩ ተዘጋ። አለቃው ሰይፉን ከአፎቱ መዘዙና ያ ከውጭ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ። ተንበረከክሁ። ሰይፉ ትከሻዬን ነክቶ ሲያበቃ እጄን እጀታው ላይ ጭኜ ቃል እገባለሁ፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ሰይፉ ገና ከፍ እንዳለ በሩ ተንኳኳ።

በደንቡ መሠረት በሥርዓቱ መካከል በር አይከፈትም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን በጡጫ ነው። ከዚያም "ልጄ! እዚያ ነህ?" የሚል የአማርኛ ጩኸት ተከተለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አለቃው እያነከሱ ሄደው ከፈቱ። እናቴ ናት። ከሆስፒታል ጽዳት ሺፍቷ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ዩኒፎርሟ ላይ ነጠላዋን ደርባለች፣ ጠርዙ ውሃ ያንጠባጥባል። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንቆርቆሪያውንም ብስኩቱንም አየች። በመጨረሻ ዐይኗ ሰይፉ ላይ አረፈ።

"ሾው ሚ" አለችና እጇን ዘረጋች።

ፖስተኛው ወደ ፊት ሊራመድ ከጀለ። አለቃው ግን ስለቱን ቁልቁል አድርገው፣ እጀታውን ወደ ላይ አንሥተው በፊቷ ያዙላት። ከመስኮቱ የሚገባው ደብዛዛ ብርሃን ነሐሱ ላይ አረፈ። የእናቴ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

"መስቀል ነው እንዴ!" አለች ለራሷ።

አማተበች። ከዚያም ቄስ እንደሚያሳልማት ሁሉ ግንባሯን አስነክታ፣ ከንፈሯን አስነክታ እጀታውን ተሳለመች። አለቃው እጃቸውን ንቅንቅ አላደረጉም።

"ንገራቸው" አለችኝ ቀና ብላ። "እኔ መሐላ አልፈራም። የምፈራው መቅረት ነው። ልጄን የሚያስምሉት ከሆነ፣ አስቀድመው እሳቸው ይማሉልኝ፤ መልሰው ሊያደርሱልኝ። አደራ በላቸው።"

እንደተንበረከክሁ ተረጎምኩ። አደራ ላይ ስደርስ ግን ምን ልበል? "እኔን ሰጥታችኋለች፤ ግን መልሳ ትፈልገኛለች" አልኩ። አለቃው የቀኝ ጓንታቸውን አወለቁ። እናቴ እንዳደረገችው እጀታውን ግንባራቸውን አስነኩት፤ ቀጥለው፣ አፍንጫቸውን እየመታቸው፣ ሳሙት። ባዶ እጃቸውን ጭነውበት "ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ቤትዎ ድረስ አደርሰዋለሁ" አሉ።

እናቴ ቅርብ ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። "በሉ ቀጥሉ" አለች።

ሰይፉ እኔ ዘንድ ሲመጣ እኔም ተሳለምኩ። የመወልወያው ጣዕም ከንፈሬ ላይ የቀረው ያን ጊዜ ነው። በዓመቱ ሌላ ሰው ሲገባ አለቃው "መጀመሪያ ሳመው" አሉት፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የመስቀል ጦርነቱ ታሪክ ይኸው ነው።

ማድረሱ የአንድ ቀን ነገር መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በየወሩ ስብሰባ ሲያበቃ ቆባቸውን ደፍተው ከእኔ ጋር አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እኔም እስከ ቤት የማልጠይቃቸው ነገር የለም። ይኼን ሁሉ ከየት አመጡት፣ የቧንቧ ሠራተኛ እንዴት ፈረሰኛ ይሆናል እላቸዋለሁ። "በዚህ ከተማ እመጣለሁ ብሎ የሚመጣ የቧንቧ ሠራተኛ አይተሃል? እኔ እመጣ ነበር" አሉኝ አንድ ጊዜ። ሕንፃችን ጋ ስንደርስ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነበር፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይችልም። ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆመው ወደ አራተኛ ፎቅ ያንጋጥጣሉ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን ታነሣለች፤ እሳቸው ቆባቸውን ያነሣሉ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሁለቱ ዐሥር ቃል የተነጋገሩ አይመስለኝም።

ጢም አብቅዬ፣ ሥራ ይዤም አልተዉኝም። አፍር ነበር። "አሁንስ ይበቃል፤ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ" ስላቸው፣ "ቃል የገባሁት ለአንተ አይደለም" አሉኝ። በኋላ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ቤት ተከራይቼ ስወጣም ያው ነበር፤ ከስብሰባ መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር ወደ እናቴ፣ ከራት በኋላ ብቻዬን ወደ ቤቴ። መጨረሻ ላይማ አውቶቡስ ሲወጡና ሲወርዱ ክንዳቸውን የምደግፈው እኔ ነበርኩ፤ ያም ሆኖ አድራሹ እሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ገና ሰሞን ሞቱ። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች፤ እግሯ ስለማይፈቅድላት ግን ቀብሩ ላይ አልነበረችም። ካባዬን ለብሼ፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ ሣጥናቸውን ከፊት በቀኝ በኩል ተሸከምኩ። ከቀብር በኋላ በዚያው አውቶቡስ ሄድኩ። ገንዳዎቹ ጋ ደርሼ ቀና ስል እናቴ መስኮቱ ላይ ናት። እጇን አላነሣችም። እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ቦታ ታይ ነበር።

ስደርስ በሩን ከፍታ ቆማለች።

"ማን አደረሰህ?" አለችኝ።

መሞታቸውን ታውቃለች። ከየት እንደመጣሁም ታውቃለች።

"ብቻዬን መጣሁ ማሚ።"

ትከሻዬ ላይ ያለውን ዝናብ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችልኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መስኮቱ ተመለሰች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ከታች ማንም ወደሌለበት ወደ ገንዳዎቹ፣ እጇን አነሣች። እኔም ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና እጄን አነሣሁ። ነጩን ጓንት ገና አላወለቅሁትም ነበር።