ቀን የለውም ብዬ ያቃጠልኩት ወረቀት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። ጽጌ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ጋልገሎ፣ የሊበን የቦረና ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ። አብዲ፣ ነገሌ ገበያ ዳር ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ነጋዴ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ደምሴ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ጥፋቱ የአራተኛው ብቻ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በራሴ፣ ከተጣለ የቢሮ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ልጆቹ ሩቅ ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ጽጌ አብዲ ሱቅ ወሰደችኝ። የፈለገችው ልቅ ወረቀት፣ ወረቀቱን የሚይዝ ማኅደር፣ ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶ ነበር። እኔ ባለጥቁር ሽፋኑን ወፍራም መዝገብ አነሳሁና፣ "ይሄ ይበቃሻል፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ በተርታ ጻፊበት" አልኳት።

አብዲ ሳቀብኝ። "አካም፣ አቶ ደምሴ! ልጅቷን ሊያስተምሯት ነው ወይስ መዝገብ ቤት ሊያስቀጥሯት?"

"አንተ ዕቃህን ሽጥ።"

"እሸጣለሁ እንጂ! መዝገቡን ከወሰዱ ማኅተም እመርቅልዎታለሁ።"

ጽጌ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። የፈለገችውን ገዛሁላት፤ በልቤ ግን ቂም ያዝኩ። ሰው በወረቀት ቂም ይይዛል? እኔ ያዝኩ።

ጽጌና ጋልገሎ ሥራውን ተካፈሉት። የእንግሊዝኛውን፣ የታሪኩንና የጂኦግራፊውን ማስታወሻ እሷ ትጽፋለች፤ የሒሳቡን፣ የፊዚክሱንና የኬሚስትሪውን እሱ። ሁሉም በአንድ ማኅደር በየትምህርቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ከዚያው ያጠናሉ። ግማሹን ብቻ ይዞ ፈተናውን ማለፍ አይቻልም ነበር።

ለፋሲካ በጭነት መኪና ሲመጡ ማኅደሩን ይዘውት መጡ። ጋልገሎ በእግሩ ወደ ሊበን፣ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ጽጌ ክብረ መንግሥት አክስቷን ልትጠይቅ ሄደች። ማኅደሩ እኛ ቤት ቀረ። ለፈተናው ሁለት ወር ቀርቶ ነበር።

ከፈትኩት። ማን ክፈት አለኝ? የመስከረሙ ከየካቲቱ በኋላ ተቀምጧል። በእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት የሚሰፋው በቀን ተራ ነው፤ ቀን የሌለው ወረቀት መዝገብ ውስጥ አይገባም። ልጄን ልርዳ ብዬ፣ እንዲህ ነበር ለራሴ ያልኩት፣ ሁሉንም ፈታሁ፣ ቀን ያለውን በቀን ደረደርኩ፣ በወስፌ በሳሁ፣ በሲባጎ ሰፋሁ። የጽጌ ወረቀቶች ቀን ነበራቸው። በጋልገሎ ወረቀቶች ላይ ግን ቀን በሚጻፍበት ቦታ ሶርሳ፣ ሩዳ፣ ጋርባ የሚሉ ቃላት ነበሩ። የከብት ስም መሰሉኝ። በከብት ስም የሚጀምር፣ ቁጥርና ቀስት የሞላበት ወረቀት የምን ትምህርት ነው? የልጅ መሞነጫጨሪያ ነው አልኩ። የማይፈለግ ወረቀት በምናቃጥልበት የቢሮው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልኩት። እኔ አቃጠልኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ጽጌ ተመልሳ የሰፋሁትን ጥራዝ አገላበጠች።

"አባባ፣ የጋልገሎ ወረቀት የታለ?"

ፊቷን ሳይ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። "መጥቶ ወሰደው" አልኩ። ይህችን ልጅ በስምንት ዓመቷ ስለ አንድ ማንኪያ ስኳር ዋሸሽኝ ብዬ የገረፍኳት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጋልገሎ መጣ። ጽጌ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

"ብቻህን ልታልፍ ነው አይደል?"

"እኔ? ምን አደረግኩ?"

"ወረቀትህን ወስደህ ምን አደረግኩ ትላለህ?"

"ኧረ ጽጌ፣ ከሊበን አሁን መግባቴ ነው፤ አቧራዬን አታዪም?"

"እንግዲያው አባቴ ዋሽቷል በለኛ!"

አላለም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ ደምሴ፣ ምናልባት ሌላ ሰው መጥቶ እኔ መስዬዎት ይሆናል። የእኔ ወረቀት ያስታውቃል፤ የምጽፍበት በቦረና ቀን ነው። በእኛ ዘንድ ቀን ሁሉ ስም አለው፤ አያቴ ቀን ቆጣሪ ነው፣ ከልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሩዳ ወይም ጋርባ የሚል ካዩ ያስቀምጡልኝ።"

ቀን ነበረው! ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ አገር ስኖር ጎረቤቶቼ ቀናቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ አንድ ጊዜ ጠይቄ አላውቅም። ያም ሆኖ ጊዜው አላለፈም ነበር። ተቀምጬ ከእነሱ ጋር እንደገና መጻፍ፣ መምህራቸውን መለመን እችል ነበር። ያልኩት ግን "እሺ፣ ካየሁ" ነው። ካየሁ!

ጽጌ ጥራዟን ይዛ ሄደች፤ ለጋልገሎ አንድ ገጽ አላሳየችውም። እሷ በሒሳብና በሳይንስ ወደቀች፤ እሱ በእንግሊዝኛና በታሪክ።

ሳላውቅ ነው ያቃጠልኩት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። ማቃጠሉስ ይሁን፣ ሳላውቅ ነው። ውሸቱንስ? ያን በደንብ አውቄ ነው የዋሸሁት፤ ዝምታውን ደግሞ በየቀኑ አውቄ። ስለዚህ ማሩኝ አልልም።

ድምሩ ይህ ነው። ጽጌ ነርስ ልትሆን ነበር፤ ዛሬ ያቤሎ ውስጥ የሰው ደብዳቤ ትተይባለች። ጋልገሎ መምህር ሊሆን ነበር፤ ዛሬ ለከብት ነጋዴዎች ያስተረጉማል። አብዲ ሱቁን ለጋልገሎ በኃላፊነት ሊሰጠው አስቦ ነበር፤ ወረቀት ደበቀ የሚለውን ወሬ ሰምቶ ተወው፤ እንደ እሱ ያለ የታመነ ሰውም እስከዛሬ አላገኘም። ሁለቱ ልጆች ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። እኔ የከፈልኩት የለም። ጋልገሎ ዛሬም ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ "ጋሼ ደምሴ፣ ይቀመጡ" ይለኛል፤ እኔም እቀመጣለሁ።