ፍየል ላልበላችው ችግኝ

በደርግ ጊዜ እኛ ድሬዎች ጫካ የምንተክለው ለዘይት ነበር። ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ተራቁቶ ጎርፉ በየክረምቱ ቤታችን ይገባ ስለነበር፣ የውጭ አገር ዕርዳታ ሰጪዎች ችግኝ ለሚተክል ስንዴና ዘይት ላኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ «ጓዶች፣ ዕርዳታው በፍትሕ ይከፋፈላል፤ የተከለ ይወስዳል፣ ያልተከለ አይወስድም» አለ። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ተክያለኋ!

ጎረቤቴ ግን አላጨበጨበችም። ሶማሌ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የፍየል ወተት እየሸጠች ታሳድጋለች። ችግኝ ከተተከለ ወዲህ ኮረብታው ለፍየል ስለተከለከለ፣ ፍየሎቿን ግቢዋ አስራ መኖ ትገዛለች። ከወተቱ ያገኘችውን መኖው ይበላዋል። እንዲህ ከቀጠለ ፍየሎቹን ለአራጅ በርካሽ ሰጥታ፣ ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን መቅረቷ ነው።

ብድግ አለች። ድሬ ላይ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም «አንተ» ነው፤ ሊቀመንበርም ቢሆን።

«ስማ አንተ፣ እነዚህ ትንሽ ቆፍረው ቤታቸው ገቡ። የኔ ፍየሎች ግን ወላሂ ዓመቱን ሙሉ ችግኙን አልበሉም! ጫካውን የጠበቀው ማነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዘይቴ ሊጎድል መሆኑ ገብቶኝ፣ «ኧረ ጉድ ነው! ላልበላ ፍየል ይከፈል ነው የምትይው?» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፣ አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው በሶማሊኛ። «ካልሆነ ነገ እፈታቸዋለሁ። ያኔ ማን ምን እንደሠራ እናያለን።»

ሊቀመንበሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ዕርዳታ ሰጪዎቹ መጥተው የተጋጠ ኮረብታ ቢያዩ ዘይቱ እንደሚቀር ገባው። «ፍየሉን አስሮ የሚያኖርም እንደ ተካይ ድርሻ ያገኛል» ብሎ ወሰነ። እሷ የዘይት ቆርቆሮዋን ተሸክማ ስትወጣ እኔ በንዴት ጨስኩ።

ንዴቴ ግን ብዙም አልቆየም። ወገቤ እስኪቆረጥ ከምቆፍር፣ አንድ ፍየል አስሬ ዘይት ባገኝስ? ብዬ በማለዳ በሯ ላይ ተገኘሁ። ለካ ብልጥ እኔ ብቻ አይደለሁም! ግማሹ ሰፈር ቀድሞኝ ቆሟል። ፍየል እንደ ወርቅ ተወደደ፤ እሷም እየማለች፣ እየተከራከረች አንድ በአንድ ሸጠችልን። ለእኔ የደረሰችኝ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ጩኸቷ ሙት የሚቀሰቅስ ጥቁር ፍየል ናት።

የሚቀጥለው ተከላ ሲደርስ አካፋ የሚይዝ ጠፋ። ሁላችን ፍየል አሳሪ ሆነናል። ሊቀመንበሩ ላቡ እየወረደ፣ «ታዲያ ኮረብታውን ማን ይትከለው?» አለ። ተናዶ የፍየሉን ድርሻ ሰረዘና ከጎረቤት ቀበሌ ተካይ አስመጣ። ከሰፈራችን አካፋ ይዛ የተገኘችው ያቺ ጎረቤቴ ብቻ ነበረች፤ የምታስረው ፍየል አልቀራትማ። እኛ ነገሩን ሰምተን እየሮጥን ስንደርስ ተካዩ ሞልቶ፣ «አሁን ነው የመጣችሁት?» ተብለን ተመለስን።

ዘይቱ ቀረ፣ ፍየሏ ግን መብላት አላቆመችም። መኖ ተወዶ ወተቷም ነጠፈ። ባሌ በበኩሉ፣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያለ ይስቅብኛል። እንኳን እሱ፣ ፍየሏ ራሷ የምትስቅብኝ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ናት፤ አናቷ ላይ እሷን የሚያህል ሸክም ለምለም ሣር ተሸክማለች። ፍየል የማይደርስበት ኮረብታ ላይ በችግኙ መሐል ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጎ፣ ማጨድ የተፈቀደው ለተካዮች ብቻ ነው። ፍየሏ የቀድሞ ባለቤቷን ስታይ ገመዷን ልትበጥስ ደረሰች።

«አባዮ» አለችኝ ሸክሟን እያወረደች፣ «ይቺ ደረቅ ነገር አትወድም፤ እኔ አይደለሁ ያሳደግኳት? ለአንቺ ዋጋውን ትንሽ እቀንሳለሁ።»

በሩን ፊቷ ላይ ልዘጋ አሰብኩ። ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ምን ላድርግ፣ ፍየሏም ታየኛለች። ገዛሁ።