በሁዳዴ ያልተቀመሰው ሳሙና

ሠርክአዲስ ሞትን ያየችው ገና በልጅነቷ ነው። ብር ሸለቆ ውስጥ ወባ በገባበት ክረምት አባቷ በነሐሴ፣ እናቷ በመስከረም ሄዱ። እርሷም በትኩሳት ነድዳ፣ ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ሲረግፍ፣ ጎረቤት መገነዣ ጨርቅ አዘጋጅቶላት ነበር ይባላል። ተረፈች። አክስቷ በበቅሎ ጭና ፍኖተ ሰላም አመጣቻትና፣ ጉልበቷ ሳይጠና ላህ ወንዝ እየወረደች የሰው ልብስ ታጥብ ጀመር።

ዙፋንን ያገኘቻት እዚያ ወንዝ ዳር ነው። ሁለቱም የሚያጥቡት በአመድ ውሃ ነበር። አመዱን ይዘፈዝፉና የጠለለውን ውሃ ልብሱ ላይ ያፈሱታል። ያ ውሃ እድፍ ያነሣል፤ የእጅንም ቆዳ አብሮ ያነሣል። ማታ የሠርክአዲስ መዳፍ ሲሰነጣጠቅ ዙፋን ሎሚ ትጨምቅባታለች። ሠርክአዲስ ትጮኻለች።

“ዝም በይ፣ አንቺ አልቃሻ! የአመድን ንክሻ የሚያበርደው ኮምጣጣ ነው” ትላታለች ዙፋን፣ እየሳቀች። እውነቷን ነበር። ንክሻው ይበርድ ነበር።

ሁለቱ እንዲህ አብረው አደጉ፤ አገቡ፤ ወለዱ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ክርስትና አነሣች። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀበሌው ሴቶችን ሰብስቦ ሳሙና መሥራት አስተማረ። ሞራ ይቀለጣል፤ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ይሟሟል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ይማሰላሉ። ሌሎቹ ሴቶች ሶዳው ውሃ ሲነካ ያለ እሳት ሲግል አይተው አማተቡ። ሠርክአዲስ ግን፣ “ይኸማ የአመዱ ውሃ ታላቅ ወንድም ነው” አለች። ነገሩም ቶሎ ገባት። ሞራው ሶዳውን ይበላል፣ ሶዳውም ሞራውን ይበላል፤ ተበላልተው ሲያልቁ ሳሙና ይሆናሉ። ሶዳ ከተረፈ ግን የሚበላው የሰው ቆዳ ነው።

መትረፉ የሚታወቀው በምላስ ነበር። ሳሙናው ተቆርጦ ከደረቀ በኋላ በምላስ ጫፍ ይነካል። እንደ ሳማ ከለበለበ አይሸጥም፤ ተመልሶ በሞራ ይበስላል። ሰው የገዛ ሥራው ስለሚጥመው ሠርክአዲስ ልትቀላቅል፣ ዙፋን ልትቀምስ ተስማሙ። ዙፋን ያላለፈችው ሳሙና ገበያ አይወጣም። በዚህም ከጅጋ እስከ ቡሬ “የሠርክአዲስ ሳሙና” ስም አወጣ።

በአንድ ዓመት ግን ሥራው ከጾም ጋር ተገጣጠመ። ሳሙናው ቅርጹ ውስጥ የፈሰሰው ለቅበላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ሲቆረጥ ሁዳዴ ገብቷል። ምላስ ላይ የደረሰ ሞራ ሞራ ነውና ማን ይቀምሰዋል?

“እስከ ፋሲካ ይቀመጥ” አለች ሠርክአዲስ።

“ለፋሲካ ነጭ ልብስ የማያጥብ ማን አለ? ገበያው እኮ አሁን ነው!”

“ሳይቀመስ አይወጣም፣ ዙፋን።”

“እሺ በቃ፤ ቆጤ ላይ ይድረቅ” ብላ ዙፋን ሳሙናውን ወደ ቤቷ አስጫነችው።

በሰሙነ ሕማማት አደይ የምትባል ጎረቤት ሁለት እጇን በነጠላ ጠቅልላ ሠርክአዲስ ደጅ ላይ ቆመች። ነጠላው ሲገለጥ የጣቶቿ ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሥቷል። የቤተሰቡን ጋቢ ስታጥብ ውላ ነው።

“በምንድን ነው ያጠብሽው?”

“በአንቺው ሳሙና ነዋ! ዙፋን አይደለች የሸጠችልኝ።”

ሠርክአዲስ አደይን ወደ ውስጥ አስገባቻት። የአደይን እጅ በእንስራ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀችው። ያን ጊዜ ነው የገባት። ክፍት የቆየ ሶዳ እርጥበት ስቦ እንደ ጨው ያለቅሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። የቀድሞው አልቅሶ ስለነበር እርሷ ልኩን ከፍ ማድረግ ለምዳለች። አዲሱ ደረቅ ነበር፤ በዚያው ልክ ሰፈረችው። ይህን የሚይዘው የዙፋን ምላስ ነበር፤ የዙፋን ምላስ ደግሞ አልነካውም። እየሮጠች ወደ ዙፋን ቤት ሄደች። ዙፋን የለችም፤ ቀሪውን ይዛ ፈረስ ቤት ገበያ ወጥታለች።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ሰንበቴ ቤት ቀረበ። እጃቸው የተላጠ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀመጡ። ሠርክአዲስ ከዚያ ስሟን ይዛ ካልወጣች ሳሙናዋን ዳግመኛ የሚነካ እንደሌለ ታውቃለች።

“ሳሙና ብለን ሳማ ገዛን!” አለ የአደይ ባል ዳኘው።

የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን አነሡና ወደ ዙፋን ዞሩ። “አንቺ ነሽ የሸጥሽው። ምን ትያለሽ?”

ዙፋን ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። “ይናከሳል ብዬ ነግሬያታለሁ፣ አባቴ። እርሷ ግን ‘ግድ የለም፣ ሽጪው’ አለችኝ።”

ሠርክአዲስ ብድግ አለች። “ይናከሳል ያልሽው በምን አውቀሽ ነው? በሁዳዴ ሞራ ቀምሰሽ ነው?”

ሰዉ ሁሉ ወደ ዙፋን ዞረ። ዙፋን ጾም አጥባቂ ናት፤ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ይህን የማያውቅ የለም። ሠርክአዲስ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏት ተነፈሰች።

ዙፋን በጉልበቷ ተንበረከከች። ነጠላዋን አጣፍታ ደረቷን መታች። “አዎ አባቴ! ጾሜን ገድፌያለሁ። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ሞራ ቀመስኩ። ይፍቱኝ!”

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አደይ ሳትቀር አለቀሰች። በሕዝብ ፊት ያላደረገውን ኃጢአት አደረግሁ የሚል ማን አለ? አባ ወልደ ዮሐንስ ለዙፋን ንስሐ ሰጧት፤ መስቀል አሳለሟት። ወደ ሠርክአዲስ ግን ሲዞሩ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። “ልጄ፣ ከእንግዲህ ይህን ሥራ ተዪው” አሏት።

ሲወጡ ሠርክአዲስ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

“አልቀመስሽም” አለቻት።

“አልቀመስኩም” አለች ዙፋን በለሆሳስ። “ንስሐውን ግን ተቀብያለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” ብላ ከሴቶቹ ጋር ሄደች።

ሠርክአዲስ ዳግመኛ ለገበያ ሳሙና አልሠራችም። ለገዛ ቤቷ ታበስላለች፤ የምትቀምሰውም ራሷ ናት። ዙፋን ሰንበቴ ቤት ያለችውን ሳታስተባብል ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡሬ ልጇ ዘንድ አረፈች። ሠርክአዲስ ለቅሶ ደርሳለች፤ ከማንም ይልቅ እርሷ አልቅሳለች ይላሉ የነበሩት።

በዕድሜዋ ሁሉ ከምንም አብልጣ የያዘችው ምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ነበር። እንዲህ አለች፦

“ስሜ አይደለም። ስም የሌላት የሙት ልጅ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ያንን እችለዋለሁ። እኔ ‘ሽጪው’ እንዳላልኳት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እርሷ ናት። ብትጠላኝም፣ ብትዋሽብኝም፣ እርሷ በሕይወት እስካለች ድረስ እውነቱን የምታውቅ ሌላ ነፍስ አለች እል ነበር። ለእኔ የሚበልጥብኝ ያ ነበር። ይዛው ሄደች።”