የደጃዝማቹ መቶኛ ዓመትና የእኔ «ነፍስ ይማር»

ዛሬ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ጥናት ቀርቦ ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ብቻ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

የትውልድ አገሬ ገዥ የነበሩ ደጃዝማች ከሞቱ መቶ ዓመት ስለሞላቸው ምሁራን ታሪካቸውን እንደገና እየመረመሩ ነበር። ደግ ነበሩ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ለካ በግብር ስንቱን ገበሬ አፈናቅለዋል።

እኛ ዘንድ በሙት ዓመት ክፉ አይነሳም። ልማድ ሆኖብኝ ከአፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ ጥናት እኮ ነው፣ ተዝካር አይደለም» አለችኝ ጥናቱን ያቀረበችው ልጅ፣ እየሳቀች።

እውነቷን ነው። እኛ ነጋዴዎችም ዕቃ የምንቆጥረው ዓመት ሲዘጋ ነው፤ ጉድለቱ ያኔ ይታያል።

ወደምኖርበት ካሳራኒ ሰፈር ስመለስ፣ ማታቱ በሚሉት የከተማው ሚኒባስ ውስጥ አባቴን አሰብኩ። ከሞተ ዘንድሮ ሰባት ዓመቱ ነው። ናይሮቢ ውስጥ እሱን የሚያውቅ የለም። ደግ ነበር ብል፣ «ኧረ ተው» የሚለኝ እንኳ የለኝም።

እናንተስ፣ በሰው አገር ሙት ዓመት ሲደርስ ስለ ሟቹ ከማን ጋር ታወራላችሁ?